ብዕር መያዝ ያቃተው ተማሪ፦ ቦብ ዶል ከጦር ሜዳ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ 1945–1952

በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ሕፃናት ምግብ ሲያቀርቡ ከቆዩት የአሜሪካ ዕርዳታ ፕሮግራሞች አንዱ «ማክገቨርን–ዶል» ይባላል። የስሙ ባለቤቶች በፖለቲካ ተቃራኒ ወገን የቆሙ፣ ሁለቱም ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው የተሸነፉ ሴናተሮች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ነበሩ፤ ሁለቱም ጦርነቱን ያዩት ከጣሊያን ምድር ነው፤ ሁለቱም ሲመለሱ መንግሥት ለተሰናባች ወታደሮች ባወጣው ሕግ ተምረዋል። ጆርጅ ማክገቨርን የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። 35 ጊዜ ወጥቶ 35 ጊዜ በሰላም ተመለሰ፤ ወደ ቀድሞ ኮሌጁ ገባ፤ ታሪክ አጥንቶ እስከ ዶክትሬት ደረሰ። መንገዱ አድካሚ ቢሆንም ቀጥተኛ ነበር።

የቦብ ዶል መንገድ እንዲህ አልነበረም። ለዚህ ጥናት የመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤቶች አንድ ልጅ «የአሜሪካ ጦር ልግባ» ሲል ወላጆቹን ከሚያለዝቡ መከራከሪያዎች አንዱ «መንግሥት በነፃ ያስተምረኛል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ያስተምረዋል። ይሁን እንጂ ክፍያው የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። የዶል ጉዳይ ሌላውን ግማሽ በጉልህ ያሳያል፤ ክፍያው ተሟልቶለት፣ ነገር ግን የመምህሩን ቃል በወረቀት ማስፈር የማይችል ሰው እንዴት ተማሪ ሊሆን ቻለ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰነፉ ተማሪ

ሮበርት ዶል በ1923 ራስል በምትባል የካንሳስ ገጠር ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ እንቁላልና ክሬም የሚረከብ ጣቢያ ያስተዳድር ነበር፤ እናቱ የሲንገር ስፌት መኪና ትሸጥ ነበር። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ቤተሰቡ የቤቱን ዋና ክፍሎች ለነዳጅ ቆፋሪ ሠራተኞች አከራይቶ ራሱ ምድር ቤት ውስጥ ተኛ። ልጁ ረጅምና ጠንካራ ነበር፤ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፣ ይሮጣል፣ ከትምህርት በኋላ በከተማይቱ መድኃኒት ቤት ለስላሳ መጠጥ ይቀዳል። ሐኪም የመሆን ሕልም ነበረው። በ1941 ከአንድ የራስል ባንክ ሰው 300 ዶላር ተበድሮ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

እዚያም ስፖርቱን እንጂ ደብተሩን አልወደደውም። ውጤቱ ደካማ ነበር። ይህን ነገር ብዙዎች ሲተርኩ ይዘሉታል፤ እኔ ግን ዋናው መነሻ ይህ ነው እላለሁ። ጦሩ ከዩኒቨርሲቲ የወሰደው ጎበዝ ተማሪ አልነበረም። ጤነኛ አካል፣ ሁለት እጅና ሙሉ ጊዜ ይዞ መማር ያልሆነለት ወጣት ነበር።

ኤፕሪል 14 ቀን 1945

ከሠለጠነ በኋላ የምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ ተሰጥቶት በ10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ውስጥ የሞተ መሪ ተክቶ መቶ እንዲመራ ጣሊያን ተላከ። ሜዳ ላይ ያደገ የካንሳስ ልጅ የተራራ ተዋጊ ሆነ፤ በዚህ ዕጣው ራሱም ኋላ ይቀልድበት ነበር። ካስቴል ዳያኖ በምትባል መንደር አጠገብ ባለ ጉብታ ላይ በተከፈተ ውጊያ፣ የወደቀ የሬዲዮ ኦፕሬተሩን ወደ ጉድጓድ ሊጎትት ሲሳብ ተመታ። ቀኝ ትከሻው ተሰባበረ፣ የአንገቱና የጀርባው አጥንት ተጎዳ፣ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አቃተው። ሞርፊን የተባለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ የወጋው ጓድ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ወግቶ እንዳይገድለው፣ በራሱ በቁስለኛው ደም ግንባሩ ላይ የመድኃኒቱን ስም መነሻ «ኤም» የሚል ፊደል ጻፈበት። ቃሬዛ እስኪደርስለት ድረስ ዘጠኝ ሰዓት ያህል እዚያው ተኛ። የጣሊያን ግንባር ጦርነት ሊያበቃ የቀሩት 18 ቀናት ብቻ ነበሩ።

ከዚያ የመጡት ሦስት ዓመታት የሆስፒታል ዓመታት ናቸው። ጂፕሰም ውስጥ ታሽጎ በመርከብ ወደ አገሩ ተመለሰ። መጀመሪያ የተኛው ቶፒካ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ነው፤ ይቺን ከተማ እንያዛት፣ ከአራት ዓመት በኋላ ደብተር ይዞ ይመለስባታልና። እዚያ አንድ ኩላሊቱ ተመርዞ ወጣ። ኋላ ሚሺጋን ውስጥ ባትል ክሪክ ወደሚገኘው ፐርሲ ጆንስ የጦር ሆስፒታል ተዛወረ። ሕንፃው ቀደም ሲል የበቆሎ ቅንጣት ቁርስን ለዓለም ያስተዋወቁት የዶክተር ኬሎግ የጤና ማረፊያ ነበር። እዚህም ደሙ ረግቶ ሳንባው ድረስ ደረሰ፤ ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ሲያስቸግር ገና በሙከራ ላይ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ተሰጠውና ተረፈ። ከ194 ፓውንድ ወደ 122 ወረደ፤ በእኛ መለኪያ ከ88 ኪሎ ወደ 55 መሆኑ ነው። መስታወት ማየት ጠላ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የነበረው ዕቅድ ትምህርት አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ይፈልግ ነበር፦ እንደ ድሮው ሆኖ ቅርጫት ኳስ መጫወት። ራስል በገባ ቁጥር ከወላጆቹ ጋራዥ ላይ በታሰረ ገመድና መዘውር ክንዱን ይስባል፤ የታጠፈው ክርኑ እንዲቃና የእርሳስ ክብደት አስሮ ያንጠለጥላል።

ይህን ሕልም ያስጣሉት ቺካጎ የሚሠሩ አርመናዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ሃምፓር ኬሊኪያን ናቸው። በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ ከደረሰው ፍጅት ተርፈው አሜሪካ የገቡ ስደተኛ ነበሩ፤ ወንድማቸውም በዚሁ ጦርነት ጣሊያን ላይ ወድቋል። ለቀዶ ሕክምናው ገንዘብ አልተቀበሉም። የሆስፒታሉን ወጪ ግን አንድ ሰው መክፈል ነበረበት። የራስል ሰዎች ዶል መጠጥ ይቀዳበት በነበረው መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ባዶ የሲጋር ሣጥን አስቀመጡ። ገበሬውም ነጋዴውም እንደ አቅሙ ሣንቲምና ብር ጨመረ፤ አንዱ ዳክዬ ማምጣቱም ይነገራል። 1,800 ዶላር ሞላ። ለዚህ ዓይነቱ መዋጮ እኛ የራሳችን ስሞች አሉን፤ ስለዚህ አንባቢዬ ትዕይንቱን ለመሣል የሚቸገር አይመስለኝም።

ዶክተሩ ከአንድ በላይ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ትልቁ ሕክምና ግን በቃል የተሰጠው ነው፤ ተአምር እንዳይጠብቅ፣ የጠፋውን ትቶ በቀረው እንዲሠራ ነገሩት። ቀኝ ክንዱ ከሰውነቱ ትንሽ ታጥፎ፣ እጁ ጭብጥ ሆኖ ቀረ። ግራ እጁም ሙሉ ጤነኛ አልነበረም፤ ጣቶቹ ላይ ስሜቱ ጎዶሎ ነው። ሐኪም የመሆን ነገር እዚህ ላይ አበቃ። እጅ የማይፈልገው ሙያ የቱ ነው ተብሎ ሲፈለግ ሕግ ተገኘ።

ሕጉ የሰጠው

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጁን 22 ቀን 1944 የፈረሙት፣ በተለምዶ «ጂ.አይ. ቢል» የሚባለው ሕግ ለተሰናባች ወታደር በዓመት እስከ 500 ዶላር የትምህርት ክፍያ ይሸፍን ነበር። ይህ በዚያ ዘመን ውድ የተባሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ጭምር ይከፍል ነበር። ለመኖሪያ ደግሞ ወርሃዊ ገንዘብ ነበረ፤ በ1948 ማሻሻያ ላላገባ 75፣ አንድ ጥገኛ ላለው 105 ዶላር ደረሰ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሮበርት ሃቺንስ ኮሌጆች የሥራ ፈት ተንከራታቾች ሰፈር ይሆናሉ ብለው አስጠንቅቀው ነበር። በ1947 ከአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ የቀድሞ ወታደሮች ሆኑ። በአጠቃላይ 2.2 ሚሊዮን የሚሆኑት ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ገቡ፤ የሃቺንስ ሥጋትም ሳይደርስ ቀረ። እንዲያውም በስታንፎርድ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የመጡት ወጣቶች የክፍሉን አማካይ ውጤት እየሰቀሉ አስቸገሩን ብለው የስድብ ስም አወጡላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሕጉን ማወደስ ቀላል ስለሆነ። በ1951 የታተመ፣ በ16 ተቋማት ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የመረመረ ጥናት ያለዚህ ሕግ በእርግጠኝነት ኮሌጅ አንገባም ነበር ያሉት የቀድሞ ወታደሮች 10 በመቶ፣ ምናልባት አንገባም ያሉት ደግሞ ሌላ 10 በመቶ ያህል መሆናቸውን አገኘ። የቀሩት በሆነ መንገድ መግባታቸው አይቀርም ነበር። ገንዘቡ የወሰነላቸው ሰዎች ብዙዎች ቢሆኑም፣ በአፈ ታሪክ እንደሚወራው ሁሉም አልነበሩም። የውጤታቸው ብልጫም ቢሆን እንደሚወራው የጎላ አልነበረም።

ዶል በሻምበልነት ማዕረግ ከጦሩ የተሰናበተው በ1948 ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ በፐርሲ ጆንስ ሆስፒታል በሙያ ሕክምና (ቁስለኞች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን እንደገና እንዲለምዱ በሚረዳው) ክፍል የምትሠራውን ፊሊስ ሆልደንን አገባ፤ ከተዋወቁ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኗቸው ነበር። በዚያው ዓመት መጸው፣ ደረቅና ሞቃት አየር ለጤናው ይሻላል ተብሎ ቱሳን፣ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ገቡ። «ገቡ» ያልኩት በአክብሮት አይደለም። የተመዘገበው አንድ ሰው ነው፤ ክፍል የሚገቡት ግን ሁለት ነበሩ።

ሕጉ ያልሰጠው

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሰዓቱ ደርሶ መምህሩ መናገር ይጀምራል። ከፊቱ የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። የ25 ዓመቱ ሻምበል ግን መጻፍ አይችልም፤ ቀኙ ጭብጥ ነው፣ ግራው ገና ፊደል እየተማረ ነው። ጠዋት ሸሚዙን ለመቆለፍ የቁልፍ መሳቢያ ሽቦ ይዞ ረጅም ጊዜ ታግሎ ነው የመጣው። አጠገቡ ሚስቱ ተቀምጣ ማስታወሻ ትይዝለታለች። አማርኛችን የሚታመኑበትን ረዳት «ቀኝ እጄ» ይላል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ አነጋገሩ ምሳሌነቱ ቀርቶ ቃል በቃል ሆነ።

በ1949 ወደ ካንሳስ ተመልሶ ቶፒካ በሚገኘው ዋሽበርን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ማጥናት ጀመረ። እዚያ ከቀድሞ ወታደሮች አስተዳደር የድምፅ መቅጃ መሣሪያ ተሰጠው። የመምህራኑን ገለጻ በሙሉ ይቀዳል፤ ማታ ቤቱ ሆኖ እያስቆመና እንደገና እየከፈተ በግራ እጁ ቀስ ብሎ ይገለብጣል። በዚያ ፍጥነት ሁሉንም መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ የትኛው ዓረፍተ ነገር ዋና እንደሆነ፣ የቱ ማጣፈጫ እንደሆነ ሰምቶ መለየት ግድ ሆነበት። ያልጻፈውን ደግሞ በቃሉ ያዘ። ኋላ በሴናት ወረቀት ሳይዝ ዝርዝር በመጥቀስ የታወቀው ከዚሁ ልማድ የተነሣ ነው። የሕግ ትምህርት ከሐኪሞቹ ጂፕሰም የተሻለ ሕክምና ሆኖለት ይሆን ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ቢያንስ የማይድነውን ክንድ ቀኑን ሙሉ ከመመልከት አዳነው።

ፈተናው ሌላ ጣጣ ነበር። የሕግ ፈተና ረጅም የጽሑፍ መልስ ይጠይቃል፤ ሰዓቱም የተቆረጠ ነው። መፍትሔው እንዲህ ሆነ፦ ዶል መልሱን በቃሉ ይናገራል፣ ፊሊስ ትጽፋለች። እሷ ሕግ አልተማረችም፤ ያለውን ብቻ ታሰፍራለች። አስቡት፣ ባል የሚናገረውን ሁሉ ሚስት ሳትጨምርና ሳትቀንስ የምትጽፍበት ብቸኛው ቦታ ይህ የፈተና ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

ይህን የፈቀደው ምንድን ነው? ተማሪው በግድ አቅርቡልኝ ሊል የሚችልበት የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ በዚያን ጊዜ አልነበረም። የፌደራል ገንዘብ የሚያገኙ ተቋማት አካል ጉዳተኛን እንዳያገልሉ የሚያስገድደው ድንጋጌ የመጣው በ1973 ነው። ስለዚህ ሚስቱ ፈተና ክፍል የገባችው በመምህራኑ መልካም ፈቃድ ነው። አንድ ግትር መምህር «ደንቡ አይፈቅድም» ቢል ኖሮ የ500 ዶላሩ ሕግ ምንም አያድነውም ነበር። በእኔ አመለካከት የዚህ ጉዳይ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። መንግሥት የከፈለው በሩን ለመክፈት ነው፤ ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለውን መንገድ የሞሉት ግን በምንም አንቀጽ ያልተጻፉ ሰዎች ናቸው፦ ገንዘብ ያልተቀበሉ ስደተኛ ሐኪም፣ የሲጋር ሣጥን ውስጥ ሣንቲም የጣሉ ጎረቤቶች፣ ደንብ ያላላ መምህር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደመወዝ የሌላት ጸሐፊ ሆና የቆየች አንዲት ሴት። የዚያን ዘመን የቀድሞ ወታደር ተማሪዎች ስኬት ሲቆጠር የሚስቶቻቸው ድካም በየትኛውም ዓምድ አይገባም። ያላገባ፣ ከሩቅ የመጣ፣ የሚያውቀው ሰው የሌለው ቁስለኛስ? እሱን የሚተርክልን የለም፤ ምክንያቱም ሴናተር አልሆነም።

ውጤቱ ተለወጠ። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ከፈተና ይልቅ ኳስ ያስጨንቀው የነበረው ልጅ በዋሽበርን ከጎበዞቹ ተርታ ተሰለፈ። ጦሩ ሥርዓት አስተማረው የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ማብራሪያ ብዙም አላምንበትም፤ ሥርዓት የሚያስተምር ጦር ቢሆን ኖሮ ከጦር የተመለሰ ሁሉ ጎበዝ ተማሪ በሆነ ነበር። ይልቅ ሌላ የሚወደው ነገር ሁሉ ተወስዶበት የቀረው ይህ ብቻ መሆኑ የበለጠ ይገልጸዋል።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ

ሥዕሉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ሐሰት ይሆናል። ሕጉን የሚያስፈጽሙት የየአካባቢው ባለሥልጣናት ነበሩ፤ በደቡብ ክፍላተ ሀገር ይህ ማለት ጥቁር የቀድሞ ወታደር ከወረቀቱ ባሻገር የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው ማለት ነው። ለቤት፣ ለእርሻና ለንግድ በዚሁ ሕግ ዋስትና ከተሰጡ ብድሮች በ1947 በሚሲሲፒ ከተሞች በተደረገ ቆጠራ ከ3,229 ውስጥ ለጥቁሮች የደረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ትምህርት የፈለጉትም ብዙዎቹ ደጃፋቸው ክፍት ወደነበረው ጥቂት የጥቁሮች ኮሌጆች ጎርፈው ቦታ አጡ።

ካንሳስ ሚሲሲፒ አልነበረችም። ዶል ከመግባቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከዚሁ ከዋሽበርን በሕግ የተመረቀ ቻርልስ ስኮት የሚባል ጥቁር የቀድሞ ወታደር ነበር። ዶል የቶፒካ ተማሪ በነበረበት በ1951 የከተማዋ የትምህርት ቦርድ ጥቁር ሕፃናትን በተለየ ትምህርት ቤት በማስተማሩ ተከሰሰ፤ ከከሳሽ ጠበቆች አንዱ ስኮት ነው። ይህ ክስ በ1954 በጠቅላይ ፍርድ ቤት «ብራውን» በሚል ስም በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያሰኘው ነው። ሁለት የቀድሞ ወታደሮች ከአንድ የሕግ ትምህርት ቤት ወጡ። አንደኛው ለራሱ የተከፈተውን በር ለሌሎች ልጆች ለማስከፈት ቶፒካ ፍርድ ቤት ሲቆም፣ ሌላው በዚያው ከተማ የድምፅ መቅጃውን እየከፈተ እየዘጋ ነበር።

ከምረቃው ወዲያ

ዶል ገና ተማሪ ሳለ በ1950 የካንሳስ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ምክር ቤቱም ቶፒካ ስለሆነ ከክፍል ወደ ስብሰባ መመላለሱ አልከበደውም። በ1952 የመጀመሪያ ዲግሪውንና የሕግ ዲግሪውን አጠናቆ ራስል ተመለሰና የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ከሥራዎቹ አንዱ ለችግረኞች የሚሰጠውን ወርሃዊ ድጎማ መፈረም ነበር፤ ከተረጂዎቹ መካከል የገዛ አያቶቹ ነበሩበት። በግራ እጁ ፈረመላቸው።

ሰው ሲጨብጠው እንዳያስጨንቀው በቀኝ ጭብጡ ብዕር ይዞ መሄድ ልማዱ ሆነ። ያ ብዕር ዕድሜ ልኩን አልጻፈበትም። ሴናት ከገባ በኋላ የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ኤፕሪል 14 ቀን 1969 ነው፤ የቆሰለበት 24ኛ ዓመት መሆኑ ነው። የንግግሩ ርዕስ አካል ጉዳተኞች ነበሩ። የሲጋር ሣጥኑንም አልጣለውም።

በፐርሲ ጆንስ ሆስፒታል ሳለ ያገኘው አንድ የሃዋይ ልጅ ነበር፤ ዳንኤል ኢኖዬ ይባላል። የጃፓን ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ነው፤ ዶል በቆሰለ በሳምንቱ በዚያው በጣሊያን ግንባር ቀኝ ክንዱን አጥቷል። እሱም ሐኪም ለመሆን አስቦ ነበር፤ እሱም አሁን ምን እንደሚሆን አያውቅም። አንድ ቀን ዶልን ዕቅድህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ዶል ሕግ እንደሚማር፣ ከዚያ ዐቃቤ ሕግ እንደሚሆን፣ ከዚያ የክፍለ ሀገር ምክር ቤት፣ ከዚያም ዋሽንግተን እንደሚሄድ ዘረዘረለት። ኢኖዬ ዕቅዱ ደስ አለውና ለራሱ ወሰደው። በዚሁ በጂ.አይ. ቢል ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ቀጥሎ ዋሽንግተን ሕግ ተማረ። በ1959 ሃዋይ ክፍለ ሀገር ስትሆን ኮንግረስ ገባ፤ ዶል ገና በራስል ዐቃቤ ሕግ ነበር። ኢኖዬ ኋላ ሲያስታውስ መልእክት ላክሁበት ይል ነበር፦ «እኔ ደርሻለሁ፤ አንተስ የት ነህ?»